ባለቤት ያጣ አስተያየት

ወላይታ ሶዶ ቁርጥ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ከሥጋው ባልተናነሰ ስለ ዳጣው ያወራል። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቅመማ ቅመሙ አብሮ ተፈጭቶ ሲቀርብ እንግዳውን ያስለቅሳል፤ የከተማው ሰው ግን «ጨምርልኝ» ይላል። እንግዲህ አንድ ወጣት ከዚያ ገበታ እንደተነሳ ስልኩን አውጥቶ በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ «የወላይታ ዳጣ ከኢትዮጵያ ማባያዎች ሁሉ አንደኛ ነው» ብሎ ቢጽፍስ? ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል። እውነት ነው ለማለትም እንዲሁ።

ማንም ገብቶ በሚጽፍበትና በሚያርምበት የጋራ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ጥብቅ አራሚ ይሰርዘዋል፣ ወይ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ሁለቱም ስንፍና ነው። የተሰረዘበት ወጣት ዳግመኛ አይመለስም፤ የታለፈው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሲከርም እውነት መምሰል ይጀምራል። የሚሻለው አስተያየቱን ከነባለቤቱ ማስቀመጥ ነው፦ ማን አለው፣ የት፣ መቼ። ባለቤት ካልተገኘለት ቦታው የውይይት ገጹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ያለው የጋራ ጽሑፍ፣ ማለትም ዊኪ፣ ከተፈጠረ ጀምሮ የነበረ ነው። አሜሪካዊው ዋርድ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ስማቸውን እያኖሩ ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩ ሲበስል ሌላው መጥቶ ፍሬ ነገሩን ስም ወደሌለበት ጽሑፍ ያጠናቅረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ውክፔዲያ ደንቡን አጠበቀው፤ ጸሐፊው የራሱን ፍርድ አይጽፍም፣ የሌሎችን ፍርድ ግን ምንጭ ጠቅሶ ይዘግባል። ስለ ፊልምና ልብ ወለድ የሚጻፍበት ቲቪ ትሮፕስ ደግሞ እንደየሰዉ ስሜት የሚለያየውን ሁሉ ለብቻው ወደ ሌላ ገጽ ያወጣል።

የአማርኛው ችግር የደንብ ማነስ አይደለም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው፤ የሚያርመውም ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በእንግሊዝኛው ላይ ሳይውል ሳያድር የሚነቀስ ግምት እዚህ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ተማሪ ይገለብጠዋል፣ ጋዜጠኛ ይወስደዋል፣ ከዚያ ሌላ አራሚ መጥቶ ጋዜጣውን ምንጭ ብሎ ይጠቅሰዋል። አስተያየቱ ዞሮ ዞሮ ለራሱ ምስክር ይሆናል።

የወላይታ ሰው «የጋራ ጽሑፍ» ሲባል ጆሮው ቶሎ የሚቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ የቀላቀለ፣ «ወጋጎዳ» በሚል ስያሜ የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። መጻሕፍቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ዞን ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በእርግጥ መንግሥት ያወረደው መጽሐፍና በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት ዊኪ አንድ አይደሉም። ግን የብዙዎችን ድምፅ በአንድ ስም አልባ ድምፅ መተካት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከሶዶ የበለጠ የሚያውቅ ከተማ ብዙ አይገኝም።

እውነቱና ስሜቱ በግልጽ የሚለይበትም ጉዳይ አለ። በ2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ዲቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክን በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በመልሱ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፤ በመለያ ምት ግን ጣለው። በሚቀጥለው ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ተሰናበተ። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር የለም። «የኢትዮጵያ ክለቦች ታላቁ ድል» የሚለው ሲጨመር ግን ተናጋሪ ያስፈልጋል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊም አንባቢ ነውና። እንዲያውም ዛማሌክ ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን እንደነበር መጻፍ «ታላቁ» ከሚለው ቃል በላይ ይናገራል። «የወላይታ መሬት ጠቧል» የሚለውም እንደዚያው ነው፦ በ1999ኙ ቆጠራ 1,501,112 ሰው ከ4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መሬት ላይ ሰፍሮ ተገኝቷል። ዓመቱ ከቁጥሩ እስካልተነጠለ ድረስ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ምሳሌ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ታዋቂ የወላይታ ተወላጆች» የሚል ዝርዝር ቢከፈት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ይገባሉ፣ የወላይታው ንጉሥ ጦናም ይገባሉ። ሦስተኛው ዘፋኝ ይሆናል፣ አራተኛው ባለሆቴል፣ አሥረኛው የጸሐፊው አጎት። አጎትየው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚወጣው። ምሳሌ የሚቆየው ገጹ ያላለውን ነገር ካሳየና ከጸሐፊው ሌላ የመሰከረለት ካለ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ወላይታን ሲወጉ ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ስለ ጦርነቱ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የቤተ መንግሥት ሰው ናቸው። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሟል፤ እሱም ያየው ከዘማቹ ወገን ሆኖ ነው። የተወጋው ወገን ትረካ በአብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ውስጥ ነው ያለው። እዚህ ላይ «ማቅናት» ወይም «ጭፍጨፋ» ብሎ በስም አልባ ድምፅ የሚጽፍ አራሚ ሳያውቀው ወገን ይዟል። ሁለቱም ቃላት ሊገቡ ይችላሉ፣ ከነተናጋሪያቸው። ግን የውክፔዲያው ሚዛን ራሱ ያዘነበለ መሆኑን ማመን ያስፈልጋል፤ የታተመውን ምንጭ ይቀበላል፣ በሕዝቡ መሰብሰቢያ በዱቡሻ ላይ የተነገረውን አይቀበልም።

ለዚህ መላ የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደ ፕሮጀክት አዋቂዎችን በድምፅ ቀድቶ ቅጂውን እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ሞክሯል። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ዘንድ ክርክር አስነስቷል እንጂ ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። ለወላይታ ግን ይህ መንገድ ከማንም በላይ ይጠቅማል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ፣ መቅጃውም በየተማሪው ኪስ ውስጥ ነው። የተናጋሪው ፈቃድ፣ ስም፣ ቀንና ቦታ ተይዞ ቅጂው በነፃ ቢለቀቅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ጦና አያያዝ የተለያየ ቢናገሩም ሁለቱም በየስማቸው ይጠቀሳሉ። እያንዳንዱ የቋንቋ እትም የራሱን የአሠራር ደንብ ስለሚያወጣ የእንግሊዝኛውን ይሁንታ መጠበቅም አያስፈልግም። የአማርኛው አራሚዎች ጥቂት መሆናቸው ለዚህ እንኳ ይጠቅማል፤ ለመስማማት ብዙ ሰው መሰብሰብ የለበትም።