ለአሮጌው ኮምፒዩተር ጥብቅና

ማለዳ ኮምፒዩተሬን አበራና ጀበና ልጥድ እሄድ ነበር። ስመለስም ገና ያጉረመርማል። ከእንቅልፌ ይዣቸው የተነሣሁ ስንት ስንኞች በዚያ ጥበቃ መካከል እንደ ጉም እንደ ተበተኑ የማውቀው እኔ ነኝ። ወዳጆቼ «ጣለውና አዲስ ግዛ» ብለው ፈረዱበት። እኔ ግን ፍርዱን ተቃውሜ ለአሮጌው ዴስክቶፕ ጥብቅና ልቆም እወዳለሁ።

በመጀመሪያ፣ ክሱ የቀረበው በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ነው። ለንባብና ለጽሕፈት የሚያገለግል ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የሚያሰላው አንጎሉ ሳይሆን ጽሑፉን የሚያኖርበት ሃርድ ዲስኩ ነው። ይህ መሣሪያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ ያደረገው ጥበብ ልጅ ነው፤ ያኔ 50 ሰሌዳዎች ተደርድረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ያህል ሆሄያትን ብቻ ነበር። የሚይዘው መጠን እጅግ ቢሰፋም ጠባዩ አልተለወጠም፤ ሰሌዳው በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፣ ቀጭን ክንድም በላዩ እየተመላለሰ ያነባል። አንዱ ምልልስ የሰከንድ መቶኛ ያህል ይፈጃል። ኢምንት ይመስላል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ግን ክንዱ በሺዎች ለሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይመላለሳልና ኢምንቱ ተጠራቅሞ ደቂቃዎች ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚባለው ማኅደር የሚሽከረከርም የሚመላለስም አካል የለውም፤ የተጠየቀውን በዚያው ቅጽበት ያቀርባል። የሳጥኑን ብሎኖች ፈትቶ፣ ሁለት ገመዶችን ከአሮጌው ነቅሎ በአዲሱ ላይ መሰካት ለሽማግሌው ጉልበቱን ይመልስለታል።

ሁለተኛው መከራከሪያዬ የሥነ ጽሑፍ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙዎቻችን የጻፍነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት ባላቸው ፎንቶች ነበር። የዚያ ዘመን ግጥሞቼ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ይሆናሉ። አሮጌው ሳጥን ግን ዛሬም አቃንቶ ያነባቸዋል። እርሱን መጣል ለእኔ አስተርጓሚን ማሰናበት ነው።

ስለዚህ ዲስክ ለማስቀየር የምትሄዱ አንባብያን ሆይ፣ ባለሙያውን «ፎርማት አታድርግብኝ፤ ያለውን እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጥልኝ» በሉት። እንዲህ ከተደረገ ፎንቱም ጽሑፉም ሳይጎድል ይሻገራል። ከዓመታት በፊት አንድ ጠጋኝ «ላፍጥንልህ» ብሎ ዲስኬን ቢያጸዳው፣ ሦስት ክረምት የደከምሁበት ልብ ወለድ አብሮ ታጠበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ተቃራኒው ወገንም እውነት አለው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ተተኪውን ለመቀበል ብቁ አይደሉም። ይህን ኤስኤስዲ አያድነውም። የእኔ መልስ ሽማግሌውን ከኢንተርኔት አርቆ ለጽሕፈት ብቻ ማዋል ነው፤ ሊኑክስ የሚጭንለት ካገኘም መልካም። ደግሞም ሃርድ ዲስክ ሲታመም ብዙ ጊዜ ያቃስታል፤ ኤስኤስዲ ግን ድምፅ ሳያሰማ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጽሑፋችሁን በሌላ ዲስክም ቅጂ አኑሩት፤ ጊዜ ስታገኙም ወደ ዩኒኮድ መልሱት።

የእኔስ? አሁን ጀበናው ሳይጣድ ባዶው ገጽ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። አንድ ነገር ግን አጥቻለሁ። ሳልጽፍ የዋልሁ ቀን፣ ከእንግዲህ የማሳብብበት የለኝም።