መጀመሪያ ውሃውን ልቀቁ

ዕረፍት ምን እንደሚመስል ያስተማረን ስልካችን ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ልሁን አረንጓዴ ብሎ ያልቆረጠ ባሕር፣ ትንሽዬ ጃንጥላ የተሰካበት ብርጭቆ፣ ከፊት የተዘረጉ ሁለት እግሮች። ከጎን ደግሞ ፊቱ የማይታይ ሰው ትሪ ይዞ ይመጣል። በቃ፣ ካሪቢያን! ይሄ ምስል ጭንቅላታችን ውስጥ ስለተቀመጠ ስለ ጢስ ዓባይ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ የማይቀር አስተያየት አለ፤ «እዚያ ላይ አንድ አሪፍ ሪዞርት ቢሠራ እኮ ካሪቢያንን ያስንቃል።»

አያስንቅም። ሊያስንቅም አይገባም። ሪዞርት ጠልቼ አይደለም፤ ለስላሳ ፍራሽ ማን ይጠላል? ችግሬ ምኞቱ ሁለት ነገር መርሳቱ ላይ ነው። አንደኛ፣ ካሪቢያን ራሱ ለካሪቢያን ሰው ያ ፎቶ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጢስ ዓባይ የጎደለው ሆቴል ሳይሆን ውሃ ነው።

ከጃማይካ ልጀምር። ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ደንስ ሪቨር የሚባል ፏፏቴ አለ። ጎብኚዎች በአስጎብኚ እየተመሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከባሕሩ ዳር ተነስተው ድንጋይ በድንጋይ ወደ ላይ ይወጡታል። ያምራል፣ አልክድም። ግን በዚያችው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ የወጣ የባሕር ዳርቻ ሕግ አለ። ዳርቻው የመንግሥት ነው ይላል፤ ተራው ሰው ወርዶ የመዋኘት መብት አለው ግን አይልም። ነፃነት በ1962 መጣ፣ ሕጉ ግን አልሄደም። ሆቴል በሆቴል ላይ ሲሠራ አጥሩ እየረዘመ ሄዶ፣ ዛሬ የጃማይካ ሰዎች አያቶቻቸው በዋኙበት ውሃ ለመዋኘት ሰልፍ ይወጣሉ፣ ፍርድ ቤት ይከሳሉ።

ምግቡም የራሱ ታሪክ አለው። ብሔራዊ ምግባቸው አኪ በደረቅ ጨው ዓሣ ነው። አኪ ፍሬው ከምዕራብ አፍሪካ የሄደ፣ ዓሣው ደግሞ ለባሪያ ቀለብ እንዲሆን ከሰሜን አትላንቲክ በርካሽ ይጫን የነበረ ነው። ጀርክ የሚሉት በቅመም ታሽቶ በጭስ የሚበስል ሥጋ ከባርነት አምልጠው ተራራ ከገቡት ከማሩኖቹ የመጣ ነው። ከግፍ ውስጥ እንደዚህ ያለ ጣዕም ማውጣት ጉድ ነው! እንግዳው ግን ብዙ ጊዜ ይሄን አይቀምስም። የፕላስቲክ አምባር እጁ ላይ ታስሮለት፣ ሁሉንም አስቀድሞ ከፍሎ፣ በመርከብ የመጣ ምግብ በልቶ ይመለሳል። ከአጥሩ ውጭ ያለችው ምግብ ሻጭ ሳንቲም አታገኝም። አንቲጓ የተወለደችው ደራሲ ጃማይካ ኪንኬይድ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ደሴቷ ባሳተመችው መጽሐፍ ጎብኚውን ፊት ለፊት እያናገረች የምትሞግተው ወዳ አይደለም።

እንግዲህ «ካሪቢያንን ያስንቃል» ስንል የቱን ካሪቢያን ነው? የትሪ ተሸካሚውን ወይስ የባለ እግሩን? ጢስ ዓባይ ላይ አጥር ቢታጠር፣ ከአላታ ድልድይ ወዲያ ማዶ በጎች የሚያግደው ልጅ የትኛውን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ውሃው። ትልልቆቻችን ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያዩት በብር ላይ ነው፤ ከፊቱ የልጅ ምስል ባለበት በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ። ወርዱ በክረምት እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፣ ወደ 45 ሜትር ይወረወራል፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል እየተባለ በትምህርት ቤት ተነግሮናል። ዛሬም ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ያው ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ከውጭ የመጣ ዘመድ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከፍሎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ የሚያየው ግን ጥቁር የድንጋይ ግድግዳና ጥግ ላይ የሚንጠለጠል ቀጭን ነጠላ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚው «በክረምት ብትመጡ» ይላል፣ መሬት መሬት እያየ። እሱ ምን ያድርግ?

በጋ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲተከል 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር ፏፏቴው ብዙም አልተሰማውም። በ1996 ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ ሐይቁ በር ተገጠመለት ማለት ነው። በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ፣ በቦይ ሄዶ፣ ፏፏቴው ካለቀ በኋላ ወንዙን ይቀላቀላል። ከዚያ ግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ተመረቀ፤ ይሄኛው ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ ወስዶ በለስ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ያ ውሃ ዓባይን መልሶ የሚያገኘው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገብቶ ነው፣ ጢስ ዓባይን በዓይኑ ሳያይ። (በዚያው በ2002 አንድ ብር ሳንቲም ሆነ። ፏፏቴው ከወንዙም ከብሩም በአንድ ዓመት! በሳንቲሙ ላይ ያለው ሚዛን ነው፤ ምን እንደተመዘነበት እንጃ።)

«ታዲያ መብራት ይቅር?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጨለማ ተቀምጦ ፏፏቴ የሚያደንቅ የለም። ወደ ፏፏቴው የተለቀቀ ውሃ በለስ ላይ አይሠራም፣ ይሄም እውነት ነው። ግን በሁለቱም መንገድ ቢሄድ ጉባ መድረሱ አይቀርም። ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ ጉባ ላይ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቦንድ የገዛነው እኛው አይደለን? ስለዚህ የተለቀቀው ውሃ ባክኖ አይቀርም። በለስ ላይ የሚጎድለው ስንት ነው፣ ስንት ቀን ብንለቅ እንችለዋለን፣ ብሎ ማስላት ነው።

ይሄን ያሰሉ አሉ። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ናያግራ ውል ተፈራርመዋል። በጎብኚ ወቅት፣ በቀን ሰዓት፣ በፏፏቴው ላይ በሰከንድ ከ2,800 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ማለፍ አለበት። በሌሊትና በክረምታቸው ግማሹ ይበቃል፣ የቀረው ወደ ተርባይን። ማለትም ያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፏፏቴ እንደ ሱቅ የሥራ ሰዓት አለው፣ ሰዓቱም ተጽፏል። እነሱ ሁለት መንግሥታት ሆነው የተስማሙበትን እኛ በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ በር ላይ፣ መስማማት ያቅተናል?

«በዚህ ጊዜ ስለ ሽርሽር ታወራላችሁ?» የሚለኝም አይጠፋም። ልክ ነው፣ ከሐምሌ 2015 ወዲህ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር መግባት ሽርሽር አይደለም። ፍኖተ ሰላም፣ ስሟ የሰላም ጎዳና የሆነው ከተማ፣ ነሐሴ 2015 የዓለም ዜና የሆነችው ከሃያ በላይ ሰው ባለቀበት የአየር ጥቃት ነው። እኔ ግን ስለ ዕረፍት ማውራት ያለብን አሁን ነው እላለሁ። ሰላም የወረደ ዕለት ካርታ ጠቅልሎ ቀድሞ የሚደርሰው ባለ ሪዞርቱ ነው። ያኔ ገበሬው ቁስሉን እያሰረ ስለሚሆን የሚጠይቀው የለም።

ልማዱንም አይተነዋል። ግንቦት 2011 «ገበታ ለሸገር» ተብሎ አንድ እራት ለአንድ ሰው በ5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ፤ ከዚያ «ገበታ ለሀገር» መጣና ጣና ዳር ጎርጎራ ደረሰ። ገበታ የሚለው ቃል እንዲህ ሆኖ ያውቃል? በጎጃም ገጠር እኮ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ስሙንም ሳይጠየቅ እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ያለው ይቀርባል፤ ሽሮ ከሆነ ሽሮ፣ አይብ ካለ አይብ፣ የዳጉሳ ጠላ። ፏፏቴው በሚሞላበት በመስከረም ደግሞ የበቆሎ እሸቱ የሚደርስበት ነው። ጣና ዳር ዓሣው አለ (ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቤተ ክህነት እተዋለሁ)። ይሄን ሁሉ ትቶ አናናስ ላይ ጃንጥላ መሰካት ምን የሚሉት ዕረፍት ነው?

እንግዳ ተቀባይነቱን በነፃ እንብላው ማለቴም አይደለም። የእግዜር እንግዳ በመቶ አይመጣም፣ ሴልፊም አያነሳም፤ አንድ ቤት ጎብኚ ሲያሳድር ይከፈለው፣ ሂሳቡም ለባለቤቷ እጅ በእጅ ይሰጥ። ወደ ፏፏቴው የሚያስኬደው የእግር መንገድም ለማንም አይታጠር። እና ደግሞ፣ ትኬት የሚቆረጥባት ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። በየጠዋቱ በጠመኔ ይጻፍበት፤ ዛሬ ጨረጨራ ላይ ስንት በር ክፍት ነው፣ ውሃው ስንት ሰዓት ይደርሳል፣ የሚቀጥለው የሚለቀቅበት ቀን መቼ ነው። ሁሉም በር የተዘጋ ዕለት ደግሞ ገንዘብ አይቀበሉ።