ስኳር ሲጠፋ፣ ማር ሲመነምን

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በተፈረመ በሦስተኛው ቀን። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ፣ ከደጀን በቢቸና በኩል ደብረ ወርቅ የደረስሁት በዋዜማው ዐርብ ማታ ነው። የጉዞው ዓላማ ከፖለቲካ የራቀ ነበር። ልጆቹ አያታቸውን እንዲያዩ፣ እኔም ለሁለት ቀን ከፈተና ወረቀት እርማት እንዳርፍ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ዳሩ ግን በእኛ ሀገር ፖለቲካ በማጀት በርም ይገባል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ እናቴን «ዛሬ ምድጃ እንዳትነኪ» ብዬ ከከተማው ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይዣት ሄድሁ። ሰባ ዓመት የተሻገረችው እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለእንግዳ ስታቀርብ ኖራ፣ ራሷ እንግዳ ሆና ሌላ ሰው ሲያቀርብላት ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑን ያወቅሁት እዚያው ከተቀመጥን በኋላ ነው። ማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እኛ ጥብስ አዘዝን፤ እርሷ የጽጌን ጾም ስለምትጾም ሽሮ አስመጣች። አንድ ጊዜ ቀምሳ «ቸኩለውበታል፤ አልበሰለም» አለች፣ አስተናጋጇ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከአጠገባችን የተቀመጡ ጎልማሶች ስምምነቱ ይጸናል አይጸናም እያሉ ይከራከራሉ። ቡና ስንጠይቅ አስተናጋጇ «ስኳር የለም፤ በጨው ይሁንላችሁ?» አለችን። ቡናን በጨው የለመደችው እናቴ ደስ አላት፤ ልጆቼ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ነገሩ የከበደው በማግስቱ ነው። እሑድ ትንሿ ልጄ ዘጠኝ ዓመት የምትሞላበት ቀን ስለነበረ፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ኬክና ቦምቦሊኖ ልትሠራ ዐቅዳለች። እናቴ ሌሊቱን በደብረ ወርቅ ማርያም ማኅሌተ ጽጌ ስትሰማ አድራ፣ ከቅዳሴ በኋላ እስክትመለስ ድረስ እኔ ስኳር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። በሦስቱ የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ ኮታው አልመጣም። አራተኛው ባለሱቅ ግራና ቀኙን ቃኝቶ፣ ከባንኮኒው ሥር አንድ ላስቲክ አውጥቶ፣ ከተለመደው ዋጋ እጥፍ በሹክሹክታ ጠራልኝ። የዶክትሬት ማዕረግ የያዘ ሰው ለልጁ ኬክ የሚሆን ስኳር እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ በሹክሹክታ ሊገዛ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ገዛሁት አልልም፤ አልገዛሁም፤ ነገር ግን ያስተወኝ ጨዋነቴ ሳይሆን ከቤት የመጣው ስልክ ነው። እናቴ «ተወው፣ ማር አለ» አለችኝ።

ማሩ ታላቅ ወንድሟ በዋዜማው ማታ በጭስ የቆረጡት ነበር። ዱቄቱን በማር አቡክታ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ኑግ ቆልታ ወቀጠችና በማር ለውሳ ድቡልቡል ሠራች። የገብስ በሶም በማር ታሸ። ልጄ ሻማዋን ያጠፋችው በድፎው ላይ ነው፤ ሻማው ራሱም የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነበር።

እንግዲህ ስለ ስኳሩ እናንሣ። የሀገራችን የስኳር ኢንዱስትሪ ወንጂ ላይ የተጀመረው፣ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ማምረት በጀመረ ጊዜ ነው። መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ። ከዚያ በ2003 ዓ.ም. የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጣና በአምስት ዓመት ውስጥ ዓመታዊውን ምርት 2.25 ሚሊዮን ቶን አድርሰን ለውጭ ገበያ እንደምንሸጥ ነገረን። በጎጃም በኩል ጣና በለስ 75 ሺህ ሄክታር ሸንኮራ እንዲለማበት ታቀደ። የፋብሪካው ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ፤ ዓመታት ነጎዱ፤ ውሉ ፈረሰ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የኮርፖሬሽኑ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የመጀመሪያው የበለስ ፋብሪካ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሀገሪቱ ስኳር ከውጭ መሸመቷን፣ ሕዝቧም በሸማቾች ማኅበር በር ላይ መሰለፉን አላቋረጡም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ ከቀፎዎቻቸው ዘንድ ወሰዱኝ። ድሮ ሰባት ነበሩ፤ የቀሩት ሁለት ናቸው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ጤፉ ማሳ አመለከቱ። «ቱፎርዲ» የሚሉት የአረም መድኃኒት ከገባ ወዲህ፣ በማሳው ውስጥ እያበበ ለንብ ቀሰም የሚሆነው አረም ሁሉ ጠፋ። በዚያ ላይ የሚረጨው ንቧ በምትወጣበት በጠራራ ፀሐይ ነው። «ልጄ፣ ትወጣለች፤ አትመለስም» አሉኝ። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ የአረም ጉልበት የሚያወጣለት ልጁ ከተማ ገብቷል። የሚገርመኝ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የሚባል ሕግ ያለን መሆኑ ነው። አጎቴ ስለ አዋጁ ከማንም ሰምተው አያውቁም። በረጨው ባለማሳና ንቡ ባለቀበት ባለቀፎ መካከል የሚዳኝም አላዩም፤ ባለማሳው ደግሞ ጎረቤታቸውና የክርስትና ልጃቸው ነውና ለማን ይከሰሳል?

ማር ስኳርን ይተካል ማለቴ አይደለም። አንድ ኪሎ ማር ከአንድ ኪሎ ስኳር እጅግ ይወደዳል፤ ሻይ ሻጯ እናት በማር ልትሠራ አትችልም። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም ማሯ ወደ አውሮፓ ገበያ እንዲገባ ተፈቅዶላታል። ይሁንና አብዛኛው ማር ጠጅ ሆኖ እዚሁ ይቀራል። መንግሥት ለሸንኮራው ኮርፖሬሽን አቋቁሞ፣ ወንዝ ጠልፎ፣ ብድር ሲፈልግ፣ ለንቡ ያደረገው ሣጥን ቀፎ ማደል ነው። ቀፎውን የሚያድለው ሠራተኛና ፀረ አረሙን የሚያስተዋውቀው ሠራተኛ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ይሆናል። መድኃኒቱን ንቧ ከገባች በኋላ ወደ ማታ እርጩ ለማለት ምን በጀት ይጠይቃል? አዋጁን በሰንበቴና በዕድር ላይ ለማንበብስ? ለዚህ ፋብሪካ አይተከልም፤ ሪባን አይቆረጥም። ምናልባት የተተወውም ስለዚሁ ይሆናል።

ከዚያች እሑድ በኋላ ደብረ ወርቅን አላየሁም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ልጆቼን ይዤ በዚያ መንገድ ለመሄድ አልደፈርሁም። ስልክ በሠራ ቀን እናቴን አገኛታለሁ። አጎቴ ዘንድ አሁን የቀረው አንድ ቀፎ መሆኑን ነግራኛለች። ከዚያ ከቆረጡት ለልጄ ብላ በቅል ያስቀመጠችው ማር አለ፤ ረግቶ እንደ ቅቤ ነጥቷል ትለኛለች፤ መንገዱ መቼ እንደሚከፈትም ትጠይቀኛለች።