ሳይነካ የተመለሰው ድስት

የደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ የሆነውን፣ የነበራችሁ አይታችሁታል፤ ያልነበራችሁም እስከ ማክሰኞ ድረስ በስልክ ደርሷችኋል። በስልክ የደረሳችሁ ግን ተጣሞ ነው። ከልጅቷ አጠገብ ቆሜ የነበርኩት እኔ ልንገራችሁ።

የምግቡ ተራ የደረሳት እዚሁ ስደት አገር ተወልዳ ያደገች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበረች ብቻዋን ነው የሠራችው። አንድ ትልቅ ድስት ሽምብራ በህንዶች አሠራር ሠርታ፣ ከሩዝ ጋር ይዛ መጣች። ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከጎመኑና ከፎሶሊያው ጎን አስቀመጠችው። አንዲት እናት ክዳኑን አነሱና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። "የህንድ ሽምብራ ነው እትዬ። የጾም ነው፣ በዘይት ነው የሠራሁት" አለች። ክዳኑ ተመልሶ ተከደነ። ከሰልፉ መሀል "ህንድ ህንድ ይሸታል" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የላም አምላኪ ምግብ እዚህ ድረስ ገባ?" አለ። ሰልፈኛው እዚያ ድስት ዘንድ ሲደርስ እየዘለለው አለፈ። ከእኔና ከሁለት ሕፃናት በቀር የቀመሰ የለም። ጠረጴዛው ሲነሳ ልጅቷ ሙሉውን ድስት በፎጣ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስገባች። ላግዛት ብዬ ስጠጋ ፊቷን አዞረችብኝ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

መጀመሪያ የሃይማኖቱን ሰበብ እናንሳ። ለጣዖት የተሠዋ ነገር አንበላም፤ ልክ ነው፣ እኔም አልበላም። ያ ሽምብራ ግን ማንም ፊት አልተሠዋም። ማተብ ያሰረች፣ ሰባቱን አጽዋማት የምትጾም የእኛው ልጅ በእናቷ ወጥ ቤት የቀቀለችው ነው። የአሠራሩ ስልት ከህንድ ስለመጣ ጣዖት ከሆነ፣ ለፋሲካ ጾሙ ሲፈታ የምታቀርቡት ላዛኛስ የየትኛው ደብር ነው?

ሽታው ነው ያላችሁትስ? ስለ ሽታ አፍ አውጥተን የምንናገረው እኛ ነን? ቁሌት ስንጥድ ኮቱን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈን፣ መስኮት በርግደን፣ የጭስ ደወሉን በፎጣ እያራገብን የኖርንበት ስደት ተረሳ? ልጆቻችን ምሳ ዕቃቸውን ትምህርት ቤት ከፍተው "ምን ሸተተ?" ሲባሉ እያለቀሱ ሲመጡ ማነው ያባበላቸው? የራሳችን ልጅ የተባለችውን ቃል እኛው መልሰን ለሌላዋ ልጃችን አልን፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ።

በዚያ ላይ ውለታውም አለ። እኔ እዚህ አገር ስመጣ የሐበሻ ሱቅ በየጥጉ አልነበረም። ክክ ምስሩን፣ እርዱን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ሄሉን የገዛሁት ከህንድ ሱቅ ነው። ከአገር ቤት ያስላክነው ሽሮ ሲያልቅብን የእነሱን የሽምብራ ዱቄት እንገዛ ነበር። የእነሱ ዱቄት ያልተቆላ ነው፤ እንዳለ ውሃ ላይ ከበተኑት ጥሬ ጥሬ ይላል። ደረቅ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት እያማሰልን፣ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሽታው እስኪለወጥ ቆልተን፣ በርበሬ ለውሰን ነው ሽሮ ያደረግነው። ስንት ዐቢይ ጾም በዚያ ዱቄት ወጥቷል! ባለሱቁ አዛውንት የጾማችን ወራት መቼ እንደሆነ በቃሉ ያውቅ ነበር፤ ጾሙ ሊገባ ሲል ምስሩን በትልልቁ ጆንያ ያስመጣል።

አገር ቤትስ ቢሆን ህንዶች ለእኛ እንግዳ ነበሩ? የሐረርን ጦር አካዳሚ ያቋቋሙት የህንድ መኮንኖች ናቸው። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩንስ? አሰላ በ1970ዎቹ የሒሳብ አስተማሪያችንና ባለቤቱ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ይኖሩ ነበር። ሥጋ አይበሉም፣ እንቁላል አይበሉም። እናቴ ይህን ስትሰማ "እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ናቸው" አለችና በጣም አከበረቻቸው። ረቡዕና አርብ ሽሮ ስትሠራ አንድ ሳህን ለእነሱ ትልካለች፣ ተሸካሚው እኔ ነኝ። ሳህኑ አንድ ቀን እንኳ ባዶውን አልተመለሰም። አንዳንዴ እርድ የገባበት ድንች፣ አንዳንዴ ከሙን ተጠብሶ ላዩ ላይ የፈሰሰበት ምስር ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ ቀምሳ፣ አጣጥማ፣ "ከሙኑን ዘይት ውስጥ አፈንድታው ነው" ብላ በማግስቱ ራሷ ሞከረችው። ፊደል ያልቆጠረች፣ ከአሰላ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። እኛ ሦስት ፓስፖርት ቀይረን የእሷን ያህል ልብ አጣን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃትም፣ አሠራሩን ልማርም ነው። ያስተማሯት የአብሮ አደግ ጓደኛዋ እናት፣ ከፑንጃብ የመጡ ሴት ናቸው። ልጅቷ ሽምብራውን አርብ ማታ ዘፍዝፋዋለች። ሲቀቀል አንድ ከረጢት ጥቁር ሻይ ጨመረችበት፤ ቀለሙን ጠቆር ያደርገዋል። እኛ ሽንኩርቱን በባዶ ድስት አቁላልተን ዘይቱን እናስከትላለን፤ እነሱ ዘይቱን አስቀድመው ያግላሉ፣ ከሙኑን እንደ ፍሬው ይጥሉበታል፣ ሲንጣጣ ነው ሽንኩርቱ የሚገባው። ከዚያ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የድንብላል ዱቄት፣ እርድ፣ ሚጥሚጣ የሚመስል ቃሪያ። "መቼ ነው የሚበቃው?" ስላት "ዘይቱ ሲወጣ" አለችኝ። ደነገጥኩ። እናቴ ስለ ወጥ የምትለው ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

ሽምብራው ገብቶ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ጭልፋ ያህሉን በማንኪያ ጀርባ ዳመጠችው፣ መረቁ ወፈር አለ። መጨረሻ ላይ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ አንድ ላይ የተፈጨበትን ቅመም ነሰነሰች፤ የእኛው መከለሻ ማለት ነው። ከደረቀ ጥሬ ማንጎ የተፈጨ ኮምጣጣ ዱቄት ጨመረች። ከዚያ የደረቀ ቅጠል በሁለት መዳፏ መሀል እያሸች ከላይ በተነች። "ምንድን ነው?" አልኳት። የአብሽ ቅጠል ነው። ዕድሜ ልኬን የአብሽ ፍሬ ስጠቀም ቅጠሉ ይበላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ እውነት ግን ልጨምር፤ ጥንቃቄ ለሚያበዙት እናቶቻችን። ህንዶች ሥጋ የለበትም ሲሉ ወተት የለበትም ማለታቸው አይደለም። ምግብ ቤት ሄዶ ያገኘውን ያዘዘ ሰው ምስሩ ውስጥ ቅቤና ክሬም፣ ስፒናቹ ውስጥ አይብ ሊገጥመው ይችላል። ቤት መሠራቱ የሚሻለውም ለዚህ ነው። በቅቤው ፈንታ ዘይት፣ በአይቡ ፈንታ ድንች ይገባል፣ ጣሙም ብዙ አይጎድልም። ይህን ሁሉ ያቺ ልጅ ሳይነግሯት ጠንቅቃ ታውቀዋለች። እናንተ ግን አልጠየቃችኋትም፤ ክዳኑን ዘጋችሁባት።

በየስብሰባው የምትሉትን አውቃለሁ። "ልጆቻችን ጠፉብን፣ ወጥ መሥራት አያውቁም፣ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም" እያላችሁ ታለቅሳላችሁ። የመጣችውስ? ጾሙን ይዛ፣ ሌሊቱን ቆማ ሠርታ፣ ድስት ተሸክማ የመጣችውን ምን አደረጋችኋት? እናንተ በተራችሁ ቀን ከምግብ ቤት በፎይል ያስጠቀለላችሁትን አምጥታችሁ ስታቀርቡ ማንም ሸተተኝ አላላችሁም። ደግሞስ ሽምብራን ከአፍሪካ በአንደኝነት የምታመርተው አገራችን ናት፣ ከዓለም ደግሞ ህንድ። ሁለቱም ጋ የቆየ እህል ነው። የትኛው ፍሬ ነው ባዕድ የሆነባችሁ?

ልጅቷ ሁለተኛ ተራ እንደማትይዝ ነግራኛለች። አልለመንኳትም፤ የምለምንበት ፊት የለኝም። የኒቆዲሞስ እሑድ ግን ተራው የእኔ ነው። ሽምብራውን አርብ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ የአብሽ ቅጠሉን ከዚያው ከድሮው ሱቅ ገዝቻለሁ። ድስቱን ከሽሮው ቀድሞ፣ ሰልፉ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጭልፋውን ይዤ ራሴ እቆማለሁ።