አበባውስ ይተከል፤ የሚበላ ይሁን እንጂ



ከጋምቤላ ከተማ መሃል ተነሥቶ ወደ ባሮ ድልድይ የሚወርድ ሰው በየግቢው አጥር ሥር ለጌጥ የተተከለ አበባ ያያል። ጌጡን አልነቅፍም። በዚያው መንገድ ግን ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ይመጣሉ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገብተዋል፤ ማገዶ ፈላጊውም በዚያው ልክ በዝቷል። ስለ አንድ ሸክም እንጨት ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ታዲያ እኛ ተማርን የምንለው ምን ተከልን?

የእኔ አሳብ የርግብ አተር ይተከል ነው። ይህ ቁጥቋጦ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። ቢጫ አበባው ውበት ወዳዱን አያሳፍርም። እሸቱ ይበላል፤ የደረቀው ፍሬ ተከክቶ ወጥ ይሆናል፤ ከፍሬውም አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ቅጠሉ ለፍየል መኖ፣ የደረቀው ግንድ ለማገዶ ይውላል። በሥሩ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ፤ የረገፈውም ቅጠል መሬቱን ያለማል። ሕንድ በምርቱ ከዓለም አንደኛ ናት፤ የታንዛኒያና የማላዊ ገበሬዎችም ከበቆሎ ጋር አሰባጥረው ይዘሩታል።

አዘራሩ ቀላል ነው። ዝናቡ ሲጀምር በበቆሎው መደዳ መካከል በጣት አንጓ ጥልቀት ይዘራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አዝጋሚ ስለሆነ አረም እንዳይውጠው መጠበቅ ነው። በቆሎው ሲነሣ እሱ ይንሠራፋል፤ ሲቆርጡትም እያቆጠቆጠ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል።

«የአገራችን መሬት በክረምት ውኃ ይቋጥራል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የርግብ አተር ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጎ መዝራት ይገባል። ውኃ ለሚተኛበት ሥፍራ ደግሞ ዘመዱ ሰስባኒያ አለ፤ ለሰው እህል ባይሆንም ረግረጉን ችሎ መኖና ማገዶ ይሰጣል። አበባውን ትል፣ ጎተራውን ነቀዝ እንደሚያጠቃም አልሸሽግም። ቀጭን ግንዱም እንደ ጫካ እንጨት እሳት አያቆይም። ቢሆንም እናትን በሳምንት አንድ ቀን ከጫካው መንገድ ካሳረፈ ትርፉ ቀላል ነውን?

ሌሎች ደግሞ «ይህ የግብርና ተማሪዎች ሥራ ነው» ይላሉ። ወጡን ስንበላ በትምህርት ክፍል ተለያይተን ነበርን?

እንግዲህ ለክረምቱ ወደየቤታችን ስንበተን እያንዳንዳችን አንድ እፍኝ ዘር ይዘን እንሂድ፤ በወላጆቻችን ግቢ ሃያ ጉድጓድ እንዝራ። ስንመለስም በዚሁ ገጽ ላይ የምንጽፈው ቁጥር ይሁን፤ ስንት ዘራን፣ ስንቱስ በቀለ?