የባለ ሸራ ጀልባ አጠባበቅ

የእንጨት ጀልባ ኖሮት ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ማዕበልን ይፈራል፤ ይሁን እንጂ አብልጦ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ከውሃ በታች ያለው የማይታይ ጠላት ነው። በጨው ባሕር እንጨት የሚበሳ ትል አለ፤ ትል ይባል እንጂ ወገኑስ ከቀንድ አውጣና ከዛጎል ነው። የሚገባበት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ጣውላው በውጭ ደኅና መስሎ ሳለ ውስጡ ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን የቀይ ባሕር የሳንቡቅ ባለቤቶች መርከባቸውን በየጊዜው ወደ ዳር ጎትተው፣ የተጣበቀውን ዛጎል ፍቀው፣ ታችኛውን ክፍል በኖራና በሞራ ይቀቡት ነበር። እንግሊዞችም ለዚሁ ሲሉ በ1761 እ.ኤ.አ. አላርም የተባለችውን የጦር መርከብ ታችኛ ክፍል መዳብ አለበሱት። ትሉ ተከለከለ፤ ነገር ግን መዳቡ ከባሕር ውሃ ጋራ ሆኖ የብረቱን ችንካር አስበላው። ዛሬም ችንካር የሚለውጥ ሰው የማይስማሙ ብረቶችን አንድነት እንዳያኖር ይገባዋል።

ሸራው ጨው በሌለበት ውሃ ታጥቦ ሳይደርቅ አይታጠፍ፤ ይሻግታልና። ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ከሚፋተግበት ስፍራ ነው፤ እዚያውን በእጅ መዳሰስ ነው። የሳሳ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ጀልባይቱ ከወደብ ሳትወጣ ይለወጥ።