ነጥቡ ሲወድቅ ማን ይጠየቅ?

አንድ ሰው ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ክሬዲቱ 80 ነጥብ ወርዶ ቢያገኘው የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። "አሁን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?" ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኑር አሌክሳንድርያ፣ ዳላስ ይኑር ሲያትል፣ ያገሩን ልጅ ይጠይቃል። "አንድ ካርድ ጨምር" የሚለው አለ፤ "ያለህን ካርድ ዝጋ" የሚለውም አለ። በዚህ ሁሉ መሀል መቅደም የነበረበት ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ ማን ምን ጻፈብኝ? የጻፈውስ እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ የሚዘለለው ለምን ይመስላችኋል? ቁጥሩን እንደ ፍርድ ስለተቀበልነው ነው። 780 ያለው ጨዋ፣ 580 ያለው ደግሞ ዝርክርክ ሆኖ ይታየናል። ባለ 780ው በቡና ላይ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ሌላው ወሬ ያስለውጣል።

ለመሆኑ የሚለካው ምንድን ነው? ፋይኮ የሚባለው ኩባንያ በ1956 ቢል ፌር በተባለ መሐንዲስና ኧርል አይዛክ በተባለ የሒሳብ ባለሙያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ከ300 እስከ 850 የሚደርሰውን ስኮር ያወጣው በ1989 ነው። ከ1995 ጀምሮ የቤት ብድር ገዢዎቹ ተቋማት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ሲቀበሉት ሥር ሰደደ። ቀመሩ በጥቅሉ ሲታይ 35 በመቶው በጊዜ መክፈል አለመክፈልህን፣ 30 በመቶው ያለብህን ዕዳ፣ 15 በመቶው የብድር ታሪክህን ዕድሜ ያያል፤ የቀረውን 20 በመቶ አዲስ የከፈትከው ብድርና የብድርህ ዓይነት እኩል ይካፈሉታል። ደመወዝህ የለበትም። ባንክ ያስቀመጥከው ገንዘብም የለበትም። ዕዳ የማይወድ፣ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቆጣቢ ሰው በዚህ ቀመር ፊት የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ በየወሩ 1,000 ዶላር ዕቁብ ለዓመታት አንድም ዙር ሳያጓድል የጣለችው እናትስ? የለችም። የቤት ኪራዩን አሥር ዓመት ሙሉ በወሩ መጀመሪያ የከፈለውስ? አከራዩ ፈልጎ ሪፖርት ካላደረገለት በቀር እሱም የለም። ያው ተከራይ ግን ቤቱን ሲለቅ ምንጣፉ ቆሽሿል ተብሎ 180 ዶላር ቢጠየቅ፣ ደብዳቤው በቀድሞ አድራሻው ሄዶ ሳይደርሰው ቢቀርና ሒሳቡ ለዕዳ ሰብሳቢ፣ ማለትም ለኮሌክሽን ቢተላለፍ፣ ያን ጊዜ ስሙ መዝገብ ላይ ይወጣል። የተከፈለውን ሳይጽፍ ያልተከፈለውን ብቻ የሚጽፍ የዕድር ጸሐፊ ቢኖር በሚቀጥለው እሑድ ይሻር ነበር። ይህን መዝገብ የሚይዙትን የክሬዲት ቢሮዎች ግን ማን ይሽራቸው?

በሐቅ እንነጋገር ከተባለ፣ ከቁጥሩ በፊት የነበረውም የሚናፈቅ አልነበረም። የባንክ ሠራተኛው ፊትህን፣ አነጋገርህን፣ ሰፈርህን አይቶ ነበር የሚወስነው። በ1974 ወጥቶ በ1976 የሰፋው የእኩል ብድር ሕግ ጾታን፣ ዘርን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን ለብድር መከልከያ ማድረግን አግዷል። ቁጥሩም ቢያንስ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ከከፋው የተሻለ ነው ማለት ከጥያቄ ያመልጣል ማለት ነው?

አንድ አወራረድ በቅርብ እንይ። የ2,000 ዶላር ገደብ ያለው ካርድ የያዘ ሰው የወንድሙ መርዶ ይመጣበታል። በማግስቱ ለመሳፈር 1,700 ዶላር ከፍሎ የአዲስ አበባ ትኬት ይቆርጣል። ስቴትመንቱ ወሩ አጋማሽ ላይ ይዘጋል፤ የመክፈያው ቀን ግን ከዚያ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከለቅሶ ተመልሶ ሙሉውን በቀኑ ይከፍላል። አንድ ሳንቲም ወለድ አልተቆጠረበትም፣ አንድ ቀን አልዘገየም። ባንኩ ለቢሮዎቹ ያስተላለፈው ግን ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን የነበረውን ነው፤ ከ2,000 ውስጥ 1,700፣ ማለትም 85 በመቶ። ነጥቡ ይወርዳል። ሰውየው ምን አጠፋ?

ምንም። ወንድሙን ቀበረ፣ ዕዳውን ከፈለ። አብዛኞቹ አበዳሪዎች በሚጠቀሙባቸው የስኮር ዓይነቶች ይህ ዓይነቱ ውድቀት ትዝታ የለውም፤ በሚቀጥለው ወር ዝቅተኛ ባላንስ ሪፖርት ሲደረግ ነጥቡ በራሱ ይመለሳል። ቤት ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ለመክፈል መጠንቀቅ አለበት። በድንጋጤ ካርዱን የዘጋ ግን ገደቡንም አብሮ ስለሚያጣ የቀሩት ካርዶቹ ይበልጥ የሞሉ ይመስላሉ። ድንጋጤው ከውድቀቱ የባሰ ይጎዳዋል።

ድንጋጤውን ደግሞ የሚጠብቁት አሉ። "ክሬዲት እናስተካክላለን" ባዮቹ በየሬስቶራንቱ በር ካርዳቸውን ለጥፈዋል፣ በቲክቶክ በአማርኛ ይሰብካሉ። ለእነሱም ጥያቄ አለኝ። በ1996 የወጣው ሕግ ሥራው ሳይሠራ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልን ከልክሏል፤ እናንተ ቅድሚያ የምትቀበሉት በየትኛው ሕግ ነው? በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፋንታ "አዲስ ቁጥር እናወጣልሃለን" የምትሉትስ? ያንን ቁጥር ማመልከቻ ላይ የሚሞላው ሰው በወንጀል ሊከሰስ እንደሚችል ነግራችሁታል? እውነተኛውን መዘግየት "የኔ አይደለም" ብሎ እንዲፈርም ስታደርጉትስ፣ ውሸቱ በማን ስም ነው የሚሄደው? በወገን ስም፣ በአማርኛ መታለል ከሌላው መታለል ይመርራል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ፣ ወደ ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ስለ እኛ የሚጽፉትን ያህል ስለ ራሳቸው ማን ይጽፋል? የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ከአምስት ሰዎች አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ ስህተት ተገኝቶበታል። በ2017 ከኢኩፋክስ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ተዘረፈ። በ2022 የፀደይ ወራት ያው ኩባንያ በሶፍትዌሩ ጉድለት ለአበዳሪዎች የተሳሳተ ነጥብ ሲልክ ሰነበተ፤ በጃንዋሪ 2025 የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ኩባንያው የሰዎችን አቤቱታ በአግባቡ ባለማጣራቱና በዚሁ ስህተት 15 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። የእኛ የ31 ቀን መዘግየት ሰባት ዓመት ይጻፍብናል። የእነሱስ ስንት ዓመት ተጻፈባቸው?

የስሙ ጉዳይ ደግሞ እኛን በተለይ ይመለከተናል። ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሊገዛ ቢሄድ፣ ትራንስዩኒየን ስሙን ከአሸባሪዎችና ከዕፅ አዘዋዋሪዎች ዝርዝር ጋር ስላመሳሰለው ሻጩ አልሸጥም አለው። ሲያመሳስሉ ያዩት ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነበር። የልደት ቀኑን ማየት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ በ2021 ከ8,185 ተመሳሳይ ተጎጂዎች መካከል በዚህ ጉዳይ ካሳ የመጠየቅ መብት አላቸው የተባሉት 1,853 ብቻ ሆኑ። የቀሩት ሪፖርታቸው ለሻጭ ስላልተላከ "አልተጎዳችሁም" ተባሉ።

አሁን የእኛን አስቡ። የቤተሰብ ስም የሚለው ሣጥን ውስጥ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ሞልቷል። ተስፋዬ፣ ከበደ፣ ሐይሌ ስንት ሺህ ነው? ያው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት መንገድ ይጻፋል። የልደት ቀኑ በውል ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 የተሞላለት ስደተኛም ጥቂት አይደለም። ስሙም ቀኑም አንድ ሲሆን የማታውቀው ሰው ዕዳ አንተ መዝገብ ላይ ቢገኝ ይገርማል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሪፖርትህን ስታይ ከነጥቡ በፊት የስምህን አጻጻፍ፣ የቀድሞ አድራሻዎችህን፣ የማታውቀው መሥሪያ ቤት ካለ እሱን እይ። የተቀላቀለ መዝገብ መጀመሪያ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

ለራሳችንም የምናነሳው ጥያቄ አይጠፋም። ለአክስት ልጅ መኪና አብረን ፈርመን ኮሳይን ስናደርግ ምን እንደፈረምን እናውቃለን? እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ይገባኛል። ግን እሱ 30 ቀን ሲዘገይ መዘግየቱ በአንተም ስም እንደሚጻፍ፣ ባንኩም ቀድሞ ላይነግርህ እንደሚችል ከመፈረምህ በፊት ተነጋገራችሁ? ቢያንስ የብድሩን አካውንት አንተም ገብተህ የምታይበት መንገድ ለምን አልጠየቅህም? የመክፈያው ቀን ያለፈ ዕለት "በቃ ክሬዲቴ ጠፋ" ብለን የምንተወውስ ለምንድን ነው? ሌት ፊ ይቆረጥ ይሆናል እንጂ ክፍያ ዘገየ ተብሎ ለቢሮዎቹ የሚነገረው 30 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በ12ኛው ቀን የከፈለ ሰው ነጥቡን አድኗል፤ በንዴት እስከ 31ኛው የተወው ግን ከፍ ያለ ነጥብ ከነበረው ወደ 100 ሊጠጋ የሚችል ነጥብ ያጣል። አዎ፣ ከፍ ብሎ የነበረው ነው አብዝቶ የሚወድቀው።

በ2025 መጀመሪያ የሆነውም ያው ነው። በኮቪድ ጊዜ የቆመው የፌዴራል የተማሪ ብድር ክፍያ ከቀጠለና የእፎይታው ጊዜ ካበቃ በኋላ ያልከፈሉት ለቢሮዎቹ ተነገሩ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ እንደዘገበው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተበዳሪዎች ከ100 ነጥብ በላይ ወረደባቸው። ክፍያው በቆመባቸው ዓመታት ብድሩ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ተዘዋውሯል፣ ሰውም አድራሻ ቀይሯል። ደብዳቤው የት ነው የሄደው? ማንስ አረጋገጠ?

የመኪና ኢንሹራንሱን ነገር ሳልጠይቅ ባልፍ ደግሞ የታክሲና የኡበር ሾፌሮቻችን ይታዘቡኛል። በብዙ ስቴቶች የኢንሹራንስ ኩባንያው ዋጋ ሲያወጣ የክሬዲት መረጃህን ያያል። ሃያ ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው የካርድ ክፍያ ስላለፈው የባሰ ሾፌር ሆነ? ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና ማሳቹሴትስ ይህን ለመኪና ኢንሹራንስ አይፈቅዱም። ሌሎቹ ምን ይጠብቃሉ?

እንግዲህ ነጥቡ የወረደበት ሰው ምን ያድርግ ከተባለ፣ የሦስቱንም ቢሮዎች ሪፖርት ያውጣ። አንዱ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ላይ ያለው ስህተት ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ካለፈው ወር ወዲህ የተለወጠው መስመር የትኛው እንደሆነ ይለይ። ስህተት ከሆነ ለቢሮውም ለጻፈው ድርጅትም በጽሑፍ፣ ከማስረጃ ጋር አቤቱታ ያቅርብ፣ ማለትም ዲስፒውት ያድርግ፤ ቢሮው በ30 ቀን ገደማ ማጣራት አለበት። ስርቆት ከሆነ በሦስቱም ላይ መዝገቡን ያሳግድ፣ ማለትም ፍሪዝ ያስደርግ። ኮሌክሽን ከሆነ ዕዳው በእርግጥ የእሱ መሆኑን እንዲያረጋግጡለት፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይጠይቅ። እውነተኛ ዕዳም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት "ስከፍል ከሪፖርቱ ታነሱታላችሁ?" ይበል፤ እሺ ካሉ በጽሑፍ ይቀበል። ግዴታ የለባቸውም፤ ግን በቤት ብድር በሚያገለግሉት የቆዩ የስኮር ዓይነቶች የተከፈለ ኮሌክሽንም ነጥብ ስለሚጎዳ መጠየቁ ያዋጣል። እውነተኛ መዘግየት ከሆነ ደግሞ የሚያጠፋው አስማት የለም፤ ሰባት ዓመቱ እስኪሞላ ጉልበቱ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ በላዩ ላይ በጊዜ የተከፈለ ወር ሲደራረብበት።

ሪፖርቱ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። ዲስፒውት ነፃ ነው፤ ፍሪዝም ከ2018 ወዲህ በሕግ ነፃ ነው። ለእነዚህ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ለ"ክሬዲት እናስተካክላለን" ባዮቹ የከፈላችሁ ካላችሁ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፤ ሂዱና ገንዘባችንን መልሱ በሏቸው።